በደረቅ የተሸኘች ዋናተኛ

እኛ ሰፈር ሰው ለቁም ነገር ከቤቱ ሲወጣ ደጃፉ ላይ ውሃ ይደፋለታል። ለፈተና ቢሆን፣ ለውትድርና ቢሆን፣ ለሠርግ ቢሆን፣ እናት ወይም አያት የመዳብ ማንቆርቆሪያዋን ሞልታ፣ ዝድራቬትስ የምንለውን ሽታው የሚያውድ ቅጠል ነክራበት፣ ደፉ ላይ ታፈሰውና "እንደ ውሃ ይሂድልህ" ትላለች። ተሸኚው እርጥቡን ረግጦ ይሄዳል። ዞሮ አያይም። ዞሮ ካየ የፈሰሰው ሁሉ ከንቱ ነው። እግዚአብሔር የለም እያለ ስብሰባ ይመራ የነበረው አባቴ እንኳ፣ የኮሚቴ ምርጫ በደረሰ ቁጥር እናቴ ውሃ ሳትደፋለት ከበራፉ ንቅንቅ አይልም ነበር።

ራዳ ግን በሕይወቷ ትልቁን መንገድ በደረቅ ነው የወጣችው። ሙሉ ስሟ ራዶስቲና ነው፤ ደስታ እንደማለት። ስም ሲወጣ ማን ያውቃል።

እኔና እሷ ዳኑብን ቁልቁል በሚያየው አሮጌ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ በር ለበር አደግን። ዋናም የጀመርነው አብረን ነው። አሰልጣኛችን ጓድ ዛፕርያን ትምህርት ቤታችን መጥቶ በባዶ እግራችን አሰለፈንና ፊታችንን ሳያይ እግራችንን ብቻ እያየ አለፈ። ራዳ ጋ ሲደርስ ቆመ። እግሯ እንደ ዳክዬ ወደ ውጭ የዞረ ነበር፤ እኛ ስንስቅባት የኖርንበት እግር።

"አንቺ በየብስ ስትሄጂ ታስቂያለሽ" አላት። "ውሃ ውስጥ ግን ማንም አይስቅብሽም። የደረት ዋና ያንቺ ነው።"

እኔ ጋ ሲደርስ ተነፈሰ። "አንቺ ደግሞ በጀርባሽ ተንጋለሽ ጣሪያ ብታዪ ይሻላል" አለኝ። እኔም እስከ መጨረሻው ጣሪያ ሳይ ኖርኩ፤ የዚያን ገንዳ ጣሪያ ስንጥቅ በሙሉ ዛሬም ልነግራችሁ እችላለሁ። ራዳ ግን እውነትም ሌላ ፍጥረት ሆነች። እግሯን አጥፋ ስትገፋ ውሃው ራሱ እሺ ብሎ የሚያሳልፋት ይመስል ነበር። ክረምት ጧት ከገንዳ ስንወጣ እርጥብ ፀጉራችን መንገድ ላይ በረዶ እየሆነ ይንኮሻኮሻል። እናቷ እማማ ስታሜና ዳቦ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ጨርሰው በር ላይ ትኩስ ዳቦ ከቅመም ጨው ጋር ይዘው ይጠብቁናል። ለኔም ይቆርሱልኛል። እኔ ግማሹን የማገኘው በራዳ ሜዳሊያ መሆኑን ስለማውቅ ቅር አይለኝም ነበር።

የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ዓመት ሲመጣ ራዳ ከአገሩ የደረት ዋናተኞች ሁሉ ቀድማ ነበር። ስሟ ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር ተጠራ። ነጭ፣ አረንጓዴና ቀይ መስመር ያለው ጃኬት ተሰጣት፤ ጃኬቱን ለብሳ ወተት ልትገዛ ስትወርድ ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ቦታ ይለቅላት ነበር። መጀመሪያ ተራራ ላይ ወዳለው ካምፕ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ አሜሪካ ተባለ።

የመሄጃዋ ጧት ሚኒባሱ ሕንጻው ሥር ቆሞ ጥሩምባውን ያስጮኻል። እኔም ልሸኛት በራፌ ላይ ቆሜያለሁ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ጊዜ ነበር፤ ዳኑብን የሚያህል ወንዝ ከመስኮታችን ሥር እየፈሰሰ ቧንቧችን ያፏጫል። የራዳ አባት ጋሼ ሚንቾ መርከብ ፋብሪካ ውስጥ ግማሽ ጎናቸው ከከዳቸው ጀምሮ አልጋ ላይ ነበሩ። ያን ሌሊት ሆዳቸው ሲረብሻቸው አድሮ አንሶላውም ገላቸውም ተበላሽቷል። ቤት ውስጥ የቀረው ውሃ አንድ ባልዲ ብቻ ነው። እኛ ቤትም ጠብታ አልነበረም።

እማማ ስታሜና ባልዲውን በአንድ እጃቸው፣ ባዶውን ማንቆርቆሪያ በሌላው ይዘው ኮሪደሩ መሀል ቀጥ አሉ።

"አንድ ጭልፋ ብቻ፣ እማዬ" አለች ራዳ እየሳቀች።

"ለእሱም አይበቃም እኮ። ሰው እንዲህ ሆኖ ተኝቶ ውሃ መሬት ላይ ይደፋል? ነውር ነው።"

"ድፊላት" አሉ ጋሼ ሚንቾ ከውስጥ፣ በዚያ በተሳሰረ አንደበታቸው። "ድፊላት አንቺ ሴትዮ።"

"አንተ ዝም በል።" እማማ ስታሜና ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡና ደፉ ላይ ሦስቴ "እንትፍ እንትፍ እንትፍ" አሉ። ምራቅም አልወጣቸውም፤ አፋቸው ደርቆ ነበር። "በቃ። የእናት ምራቅ ይበቃሻል።"

"ምን ታስቢያለሽ? እዚያ ገንዳ ሙሉ ውሃ ይጠብቀኛል" ብላ ሳመቻቸው። ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። እማማ ስታሜና ደረቁን ደፍ ትንሽ አዩትና ባልዲውን ይዘው ገቡ።

በዚያው ግንቦት፣ ራዳ ገና ካምፕ ሳለች፣ ሬዲዮው ተናገረ። ሞስኮ ኦሎምፒኩ ላይ አልገኝም ስላለች እኛም አንሄድም። ለስፖርተኞቻችን ደህንነት ሲባል ነው አሉን። ልጅቷ ስንት ዓመት የክሎሪን ውሃ ስትውጥ ማንም ስለ ደህንነቷ ጠይቋት አያውቅም፤ አሜሪካ ልትሄድ ስትል ግን አሳቢዋ በዛ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አንድ ወረቀት ላይ ፈረመ፣ የእሷ ሎስ አንጀለስ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

ነሐሴ ላይ ሞስኮ የምትክ ውድድር አዘጋጅታ ራዳም ተወሰደች። አራተኛ ወጣች። ያን ጊዜ እናቷ ውሃ ደፍተውላት ነበር፣ ማንቆርቆሪያ ሙሉ፤ እሷ ግን እርጥቡን በጎን ተሻግራ ነው የሄደችው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ጉልበቷ ጀመራት። የደረት ዋናተኛ እንጀራው ጉልበቱ ነው፤ ጠላቱም ጉልበቱ ነው። ሐኪም ከፈተው፣ ዘጋው፣ ደግሞ ከፈተው። ጓድ ዛፕርያን "ለሴኡል እናደርስሻለን" ይላታል፣ እሷም አዎ ትላለች፣ ጉልበቷ ግን አላለም።

ሴኡል ሲደርስ ራዳ ቤቷ ነበረች። መስከረም ነው፣ ሁሉም ቤት በረንዳው ላይ ቃሪያ ጠብሶ ለክረምት የሚያስቀምጥበት ጊዜ፤ ሕንጻው በሙሉ ጢስ ጢስ ይላል። ውድድሩ በኛ አቆጣጠር ጧት ነበርና ጎረቤቱ ሁሉ የእማማ ስታሜና ቤት ቴሌቪዥን ፊት ተሰበሰበ። ልጆቻችን በደረት ዋና አንደኛና ሁለተኛ ወጡ። ወርቅና ብር፣ በራዳ ዋና፣ ለራዳ አገር። ታች የሚኖሩት ጋሼ ጌንቾ ራኪያ የምንለውን የፍራፍሬ አረቄ ቀድተው ያለቅሳሉ፤ እኔም አለቀስኩ። እማማ ስታሜና ዳቦና የቃሪያ ድልህ ይዘው ገቡና ለልጃቸው መጀመሪያ ዘረጉላት።

"ብዪ እንጂ፣ ልጄ።"

ራዳ እጇን አልዘረጋችም። ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ባንዲራው ሲሰቀል እያየች፣ ድምጿን እንኳ ሳትጨምር ተናገረች።

"አንቺ ነሽ በደረቅ የሸኘሽኝ።"

ያን ጊዜ ጋሼ ሚንቾ ከሞቱ ዓመት አልፏቸው ነበርና "ተይ" የሚላት አባት አልነበረም። ራዳ ሞኝ አይደለችም፤ ጦሱ የማን እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች። ግን እዚያ ላይ ያሉት ሩቅ ናቸው፣ እጅ አይደርስባቸውም። እናት ቅርብ ናት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እማማ ስታሜና ሳህኑን አስቀምጠው በረንዳ ወጡና የሚጠበሰውን ቃሪያ ማገላበጥ ቀጠሉ። የፊተኛው ሁሉ አሮ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለወጪ ወራጁ ሁሉ ውሃ መድፋት ያዙ። ለተማሪው፣ ለፖስተኛው፣ ፍሪጅ ሊጠግን ለመጣው። ደረጃችን የሚደርቅበት ቀን ጠፋ። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ አንዴ ተንሸራቶ ሊወድቅ ሲል "እናቴ፣ ቆጣሪ ላነብ ነው የመጣሁት፣ ኦሎምፒክ አልሄድም" አላቸው። ጋሼ ጌንቾ ደግሞ ወደ መጠጥ ቤት ሲወርዱ እየተጠሩ ይደፋላቸዋል።

"ስታሜና፣ በውሃ እየሸኘሽኝ እንዴት ቀንቶኝ ልጠጣ? ትንሽ ወይን ጠብ አድርጊበት እንጂ።"

"ብቻ በደህና ተመለስ፣ ጌንቾ። ደግሞ ዞረህ አትየኝ።"

እኛ እንስቅ ነበር። ራዳ አትስቅም። ዋናውን ትታ የትንንሽ ልጆች አሰልጣኝ ሆናለች፤ በኋላ ዘመኑ ተገልብጦ የከተማው ገንዳ ማሞቂያው ሲቋረጥና ሲዘጋ የሆቴል ገንዳ ውስጥ ታስተምር ጀመር። አንድ ባል አግብታ ፈታች፤ ልጅ አልወለደችም፤ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች። ልጆቹን ለውድድር በምትወስድበት ቀን እማማ ስታሜና በአውቶቡስ ተሳፍረው መጥተው የገንዳው በር ላይ ማንቆርቆሪያቸውን ይደፋሉ። ልጆቹ እየተሳሳቁ ረግጠው ይገባሉ። ራዳ ግን በጎን በር ትገባለች።

"ለምን አንድ ቃል አትያቸውም?" አልኳት አንድ ቀን።

"ምን ልበል?"

"ንዴት ነው ያናገረኝ በያቸዋ። ይኸው ነው።"

"እላታለሁ፣ ዶንካ" አለችኝ። እላታለሁ እንዳለች ዓመታት ሄዱ። አንድ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ሁልጊዜ ነገ ያለው ይመስለዋል፤ ሾርባውን አብረው ይጠጣሉ፣ ለአዲስ ዓመት ባኒትሳ የምንለውን የአይብ ቂጣ አብረው ይቆርሳሉ፣ ሲታመሙ ይተያያሉ። ያቺ አንድ ቃል ብቻ መሀላቸው ተቀምጣለች። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም የሚባለው ለዚህ ነው መሰለኝ።

ከዚያ እማማ ስታሜና መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ የኔን ስም። በመጨረሻ ዘመኑን ራሱን ረሱና ያቺ አንድ ጧት ላይ ቆሙ። በነቁ ቁጥር "መኪናው መጣ እንዴ? ውሃ ተቋርጧል?" ይላሉ። ቧንቧው ቢከፈትላቸውም አያምኑም፤ "አሁን ይሄዳል" ይላሉ። ውሃ መደበቅ ያዙ። በጠርሙስ፣ የድልህ በነበረው ብልቃጥ፣ በአበባ ማስቀመጫ፤ ከአልጋ ሥር፣ ከቁምሳጥን ውስጥ፣ ከመጋረጃው ኋላ። ራዳ ልትደፋው ስትል እጇን ይመቷታል። "የልጄ ነው። ለመሸኛ ነው።"

ራዳ ያን ጊዜ ነው የደነገጠችው። አንድ ጧት እግራቸው ሥር ተንበረከከች፤ የቡና ስኳር ልበደር መጥቼ በሩ ክፍት ስለነበር ሰማሁ።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ራዳ። ያልኩሽ ነገር ውሸት ነው። ባንቺ አልነበረም። ይቅር በይኝ።"

እማማ ስታሜና ሽበቷን፣ የተሸበሸበ ፊቷን አዩ። በትህትና ፈገግ አሉ።

"ተነሺ የኔ እመቤት፣ ወለሉ ይበርድሻል። ራዳ እኮ ልጅ ናት። እዚያ ክፍል ሻንጣዋን እያዘጋጀች ነው።"

ራዳ ያን ቀን እኔ ጋ ወጥ ቤት ተቀምጣ እስኪመሽ አለቀሰች። ሐኪሙ፣ ቄሱ፣ ሁሉም መክረዋታል፤ የረዳት ግን የለም። ነገሩን ያገኘችው በአጋጣሚ ነው። ቁምሳጥን ስታጸዳ አሮጌውን ጃኬት አግኝታ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መስታወት ፊት ስትቆም፣ ከኋላዋ እናቷ ጠሩ።

"ራዳ። መጣልሽ መኪናው?"

የዋናተኛ ትከሻ አያረጅም። ከጀርባዋ ያው ልጅ ነበረች። ራዳ ሳትዞር "መጣ፣ እማዬ" አለች። ነጩን የዋና ቆብ ሽበቷ ላይ አጠለቀች፣ ቦርሳዋን አንግታ ወደ በሩ ሄደች። እማማ ስታሜና ከአልጋ ሥር አንድ ጠርሙስ አውጥተው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ ደፉ ላይ ደፉ። ግማሹ የራሳቸው ጫማ ላይ ፈሰሰ።

"እንደ ውሃ ይሂድልሽ፣ ልጄ።"

ራዳ እርጥቡን ረግጣ ወጣች። ደረጃውን ወርዳ ሕንጻውን ዞራ፣ ጃኬቱን ቦርሳ ውስጥ ከትታ፣ እንደ አስታማሚ ሆና ተመለሰች። እማማ ስታሜና ያን ቀን አንድም ጊዜ ስለ ውሃ አልጠየቁም፤ ቁጭ ብለው ቃሪያ ፈልፍለው ዋሉ። ከዚያ በኋላ ጧት ጧት እንዲያ ሆነ። ስድሳ ዓመት የደረሰች ሴት፣ ጉልበቷ እየተንቋቋ፣ ጧት ጧት ሎስ አንጀለስ ትሄዳለች። ጋሼ ጌንቾ ደረጃው ላይ ሲያገኟት ኮፍያቸውን አንስተው "ድል አድርጊ" ይሏታል። ቀልዳቸውንም አይደለም።

ግን ያ ምርቃት የሚመጣው በጀርባ ነው። ይቅርታ ደግሞ በጀርባ አይጠየቅም። ፊቷን ካዞረች ልጅቷ ትጠፋለች፣ የማትታወቀው አሮጊት ትመጣለች። ይኼ አንገበገባት። አንድ የመጋቢት ጧት፣ እናቷ ደፍተው መርቀው ሲያበቁ፣ ራዳ እርጥቡ ላይ ቆመች። እኔ በራፌ ላይ ነበርኩ። አየችኝና ዞረች።

እማማ ስታሜና ጠርሙሱን እንደያዙ ከላይ እስከ ታች ተመለከቷት።

"ማንን ፈልገሽ ነው፣ እመቤቴ?"

ለእናቷ እንደ ባዳ መናገር ነበረባት፣ እርስዎ እያለች። "ራዳን ፈልጌ ነበር፣ እማማ" አለች።

"አሁን ወጣች። ብትሮጪም አትደርሺባት፣ ፈጣን ናት። አትጥሪያት ደግሞ፤ የተሸኘ ሰው ከኋላው አይጠራም።"

"መንገድ ላይ ካገኘኋት ምን ልበልልዎት?"

እማማ ስታሜና እርጥቡን ደፍ አዩ፣ ጠርሙሱን አዩ።

"ውሃው ለአባትሽ ነበር በያት። ያን ቀን ማለቴ ነው። ዛሬማ ደፋሁላት። ዛሬ ግን ያ ቀን አይደለም፣ አይደል?"

ራዳ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

"ተቆጥታኛለች" አሉ። "ብትቆጣ እውነት አላት።"

"አልተቆጣችም፣ እማማ። በርስዎ አልተቆጣችም። ራሷ ናት የነገረችኝ።"

እማማ ስታሜና በሐዘኔታ አዩዋት፤ ሰው ሊያጽናና የሚዋሽ እንግዳ እንደሚታይ።

"አንቺ ምኗ ነሽና ታውቂያለሽ?" አሉና በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

ከፋሲካ በፊት ሞቱ፣ በእንቅልፋቸው። እንደ ልማዳችን ፎቶግራፋቸው ያለበት የሞት ማስታወቂያ ሕንጻው በር ላይ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ፣ የገንዳው በር ላይ ተለጠፈ። ንፍሮውን እኔ ቀቀልኩ። ሬሳም ሲወጣ ከኋላው ውሃ ይፈስለታል፣ መንገዱ እንዲቀና። ሰዎቹ ሳጥኑን አንስተው ሲነሡ ማንቆርቆሪያውን ሞልቼ ለራዳ ሰጠኋት። አልተቀበለችኝም።

ወደ ውስጥ ገባችና ከአልጋ ሥር ጠርሙሶቹን አወጣች። ደፉ ላይ አንዱን ደፋች፣ ቀጥላ ሌላውን። ከቁምሳጥኑ አመጣች፣ ከመጋረጃው ኋላ አመጣች፤ የድልህ ብልቃጦቹን፣ የአበባ ማስቀመጫውን። የተሸሸገው ሁሉ ወጣ። ውሃው ደፉን ሞልቶ ደረጃውን ተከትሎ ወረደ፤ የተሸካሚዎቹን ጫማ አራሰ። ጋሼ ጌንቾ ግድግዳ ይዘው ቆመው እግራቸውን ከውሃው አላሸሹም።

"እንደ ውሃ ይሂድልሽ፣ እማዬ" አለች ራዳ። ሳጥኑ የደረጃው ማጠፊያ ላይ ደርሶ ነበር። እጇ ላይ ባዶ ብልቃጥ እንደያዘች ወደ ፊት ጎንበስ አለች፣ ልማዱን ሁሉ ረስታ፣ እንደ ልጅ።

"አንዴ ብቻ ዞር በይ" አለች። "አንዴ ብቻ እይኝ።"

ሰዎቹ ሳጥኑን አዘንብለው ማጠፊያውን ዞሩና ወረዱ። ራዳን ክንዷን ይዤ ተከተልናቸው። ደረጃው ያንሸራትት ስለነበር ቀስ ብለን ነው የወረድነው።